የመዝገቡ ጌታ፦ የጆን ኒኮልሰን ትረካ

ስሙኝማ! ዛሬ የአንድ ሒሳብ ሹም ታሪክ ላውጋችሁ። ጦር አልመራም፣ ሕገ መንግሥት አላረቀቀም፣ መልኩ በብር ኖት ላይ አልታተመም። ነገር ግን አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ እጅ ወጥታ ገና በእግሯ ለመቆም በምትንገዳገድበት ዘመን፣ በፔንሲልቬኒያ ግዛት ለማን ስንት እንደሚከፈል፣ ማን ስንት ግብር እንዳለበት፣ የማን ሰነድ እንደሚጸና የማንስ ውድቅ እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነበር። ስሙ ጆን ኒኮልሰን ይባላል። 12 ዓመት ያህል በሹመት ኖረ፤ በመሬት ብዛት በአገሩ ተወዳዳሪ የሌለው ሰው ሆነ፤ በመጨረሻም በባለዕዳዎች እስር ቤት በ43 ዓመቱ ሞተ። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከወታደሩ ነው።

13ቱ ግዛቶች በንጉሡ ላይ ሲነሱ አንድ ኮንግረስ አቋቋሙ፤ ግብር የመጣል ሥልጣን ግን አልሰጡትም። ጦር ያለ ገንዘብ አይዋጋምና ኮንግረሱ ወረቀት ማተም ጀመረ። አተመ፣ አተመ፣ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተመ። ወረቀቱ በበዛ ቁጥር ዋጋው ረከሰ። በ1780 ማርች ላይ ኮንግረሱ ራሱ 40 የወረቀት ዶላር በአንድ የብር ዶላር ይመንዘር ብሎ አወጀ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ያንንም የሚቀበል ጠፋ። ደመወዙን በዚህ ወረቀት የሚቀበለውን ወታደር አስቡት። ወር ሙሉ በበረዶ ላይ ቆሞ ያገኘው ገንዘብ ለቤተሰቡ አንድ ቁና እህል አይገዛም። እሱንም ቢሆን በወቅቱ የሚከፍለው የለም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1781 ማታ፣ በኒው ጀርሲ በሞሪስታውን ሰፍሮ የነበረው የፔንሲልቬኒያ ጦር አመፀ። ወደ 1,500 የሚሆኑ ወታደሮች መሣሪያቸውን አንስተው፣ መድፍ ጎትተው፣ ደመወዛችንን ክፈሉን እያሉ ወደ ፊላዴልፊያ አቅጣጫ ጉዞ ጀመሩ። እንግሊዞች ይህን ሲሰሙ ወደኛ ኑ፣ ውዝፉን ሁሉ እኛ እንከፍላችኋለን የሚል መልእክተኛ ላኩባቸው። ወታደሮቹ መልእክተኛውን ከነመሪው ይዘው ለአገራቸው ባለሥልጣናት አስረከቡ፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እነዚህ ሰዎች የተራቡ፣ የታረዙ፣ የተካዱ ናቸው። ጠላት ብር ሲያቀርብላቸው እንቢ አሉ፤ የጠየቁት የላባቸውን ዋጋ ከገዛ መንግሥታቸው ነው። የፔንሲልቬኒያ ሸንጎ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ሪድ መንገድ ላይ አግኝቶ ተደራደራቸው። ከግማሽ የሚበልጡት እንዲሰናበቱ፣ የቀረባቸውም ደመወዝ ተሰልቶ እንዲከፈላቸው ቃል ተገባላቸው።

ተሰልቶ! ቃሉን መስጠቱ ቀላል ነው፤ የሚሰላው ግን በማን ነው? ወታደሩ በየትኛው ወር ስንት የወረቀት ዶላር ተቀበለ? በዚያ ወር ወረቀቱ በብር ስንት ያወጣ ነበር? ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ይህ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ወር በእጅ ተጽፎ የሚወጣ ሒሳብ ነው። የልዩነቱ ማካካሻ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ግዛቲቱ ወደፊት እከፍላለሁ ብላ የምትሰጠው የዕዳ ሰነድ ነበር።

ለዚህ ሥራ በ1781 የተጠራው ወጣት ጆን ኒኮልሰን ነው።

ኒኮልሰን የተወለደው በ1757 ገደማ በዌልስ ነው። በልጅነቱ ባሕር ተሻግሮ ፊላዴልፊያ ገባ። በ1778 በኮንግረሱ የገንዘብ ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ መዝገብ አያያዝን የተማረው እዚያ፣ የአገሪቱ ሒሳብ እንደ ተልባ በሚያዳልጥበት ቢሮ ውስጥ ነው። የፔንሲልቬኒያን ወታደሮች ሒሳብ ሲያጣራ ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይታክት ሰው መሆኑ ታየ። ስለዚህ በ1782 ግዛቲቱ ኮምፕትሮለር ጄኔራል የሚባል አዲስ ሹመት ስታቋቁም፣ ማለትም ዋና ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ ለዚህ የ25 ዓመት ሰው ሰጠችው።

የዚያን ጊዜ የግዛቲቱ ገንዘብ ያዥ፣ በእኛ አባቶች አጠራር በጅሮንዱ፣ ዴቪድ ሪተንሃውስ ነበር። ሪተንሃውስ ሰዓት ሠሪና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነው፤ በ1769 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከተመለከቱትና ከለኩት አንዱ ነው፤ ኋላም የአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ማምረቻ ዳይሬክተር ሆኗል። እሱ ገንዘቡን ይዞ ይከፍላል። ነገር ግን ክፈል የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው ሒሳቡ ተመርምሮ ሲያልቅ ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምረው ደግሞ ኒኮልሰን ነው። የጦር ስንቅ ያቀረበ ነጋዴ፣ ፈረሱ የተወሰደበት ገበሬ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ቀረጥ የሰበሰበ ሹም፣ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ የሚቆመው በእሱ በር ላይ ነው።

ሥልጣኑ በዚህ አላበቃም። በ1785 የግብር ሰብሳቢዎች ሁሉ የበላይ ተቀባይ አደረጉት። በ1787 ደግሞ ወራሽ የሌለውንና ከከዱ ሰዎች የተወረሰውን ንብረት የሚያስተዳድር ሹም ሆነ። አስተውሉ እንግዲህ፦ ግብሩን የሚያስገባው እሱ፣ ወጪውን የሚያጣራው እሱ፣ የተወረሰውን መሬትና ቤት የሚቆጥረው እሱ፣ የዕዳ ሰነዱን እውነተኛ ነው ብሎ የሚያጸናው እሱ። አንድ ሰው ነው። ይህን ያደረገው ሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው እንጂ ኒኮልሰን ነጥቆ አይደለም። ሥራውን ከሌላው በተሻለ የሚያውቀው እሱ ስለነበር፣ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ለእሱ ተሰጠው። እኔ ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ነው እላለሁ፤ ከአንድ ሰው ክፋት በፊት፣ በአገሪቱ ስንፍና።

ሐቁን እንናገር ከተባለ ሰውየው ሠርቷል። ከጦርነቱ ዘመን የተዝረከረከውን ሒሳብ መልክ አስይዟል። የአውራጃ ግብር ሰብሳቢዎች ሰብስበው ያላስገቡትን ገንዘብ በደብዳቤ፣ በክስ፣ በንብረት እገዳ አሳዷል። ብዙ ጠላት ያፈራውም በዚህ ነው። ግዛቲቱ ከኮንግረሱ ጋር በነበራት ሒሳብ የሚገባትን እንዳታጣ ተከራክሯል። ኒኮልሰንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሌባ አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ እንደዚያ አልተርከውም።

አሁን ወደ ወታደሩ ሰነድ እንመለስ። ወታደሩ ሰነዱን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ማሳው ጦም አድሯል። ግዛቲቱ የምትከፍለው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። አንድ ነጋዴ ይመጣና ሰነዱን ከተጻፈበት ዋጋ ከሩብ ባነሰ እገዛሃለሁ ይለዋል። ምን ያድርግ? ይሸጣል። በዚህ ዓይነት የደሙ ዋጋ ከወታደሩ እጅ ወጥቶ በከተማው ባለገንዘቦች ሣጥን ተከማቸ። ሰነዱ ሥራ አለው፤ ግዛቲቱ በስተምዕራብና በሰሜን ያለውን ሰፊ መሬት ስትሸጥ ሰነዱን በገንዘብ ፋንታ ትቀበላለች። ያ መሬት ራሱ ከሴኔካና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች በ1784 በፎርት ስታንዊክስ፣ በ1785 በፎርት ማኪንቶሽ በተደረጉ ውሎች የተወሰደ ነው። ውሉን የፈረሙት ሽማግሌዎች ከጦርነቱ ማግስት ምርጫ አልነበራቸውም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተጎዱ፦ ደመወዙን በርካሽ የሸጠው ወታደርና የአባቶቹን አገር ያጣው ሴኔካ።

የትኛው ሰነድ እንደሚጸና፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚከፈል፣ የትኛው መሬት ለሽያጭ እንደሚቀርብ ከሁሉ በፊት የሚያውቅ ማን ነው? መዝገቡን የያዘው ሰው ነው። ኒኮልሰንም ሰነድ መግዛት፣ በሰነዱም መሬት መግዛት ጀመረ። በግልጽ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም። እሱ ብቻም አልነበረም፤ በዚያን ዘመን ዳኛውም፣ ጄኔራሉም፣ የምክር ቤት አባሉም መሬት ይነግድ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን የእኛን አባባል የፊላዴልፊያ ሰዎች ባይሰሙትም ኖረውበታል። ግን ሌላው ነጋዴ ሲገዛ እየገመተ ነው፤ ኒኮልሰን እያወቀ ነው። በገዢና በመርማሪ ወንበር ላይ በአንድ ጊዜ ተቀምጧል። ይህን ልዩነት ማቅለል አልችልም።

በ1792 ግዛቲቱ ከአሌጌኒ ወንዝ ወዲያ ያለውን አገር ለሰፋሪ ለማከፋፈል ሕግ አወጣች። አንድ ሰው ከ400 ኤከር በላይ በአንድ ማዘዣ እንዳይወስድ፣ የወሰደውም እንዲሰፍርበትና እንዲያርሰው ተደነገገ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ መሬት ለአራሹ እንዲደርስ ነው። ባለገንዘቦቹ ግን በሌሉ ሰዎች ስም ማዘዣ እያወጡ በሺዎች የሚቆጠር ይዞታ ሰበሰቡ። በዚያው ዓመት የፔንሲልቬኒያ ፖፑሌሽን ካምፓኒ የሚባል ማኅበር ሲቋቋም ፕሬዚዳንቱ ጆን ኒኮልሰን ሆነ፤ ያን ጊዜ ኮምፕትሮለር ጄኔራልነቱን አልለቀቀም። ቤት ሠርቶ ማሳ የመነጠረው ምስኪን ሰፋሪና ማዘዣ የያዘው ማኅበር በዚያ አገር ለብዙ ዓመታት ሲካሰሱ ኖሩ። የኒኮልሰን ይዞታ በየጊዜው ሲያብጥ በፔንሲልቬኒያ ብቻ ወደ 4 ሚሊዮን ኤከር ተጠጋ ይባላል። በእኛ አባቶች ልክ ወደ 40 ሺህ ጋሻ መሆኑ ነው። ከመላው ግዛት ሰባተኛው እጅ!

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ይገባል። በ1789 ምክር ቤቱ ስህተቱን በከፊል አውቆ ሬጅስተር ጄኔራል የሚባል ሁለተኛ ሹም አቋቁሞ ነበር፤ የኮምፕትሮለሩን ሒሳብ በሌላ ዓይን እንዲያይ። የተሾመው ጆን ዶናልድሰን ነበር። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አረፈ።

ነገሩን ላቅልለው። በ1786 ፔንሲልቬኒያ የኮንግረሱን ዕዳ ለያዙ ዜጎቿ የራሷን ሰነድ በምትኩ ሰጥታ ነበር፤ «አዲሱ ብድር» ይሉታል። በ1790 ደግሞ የፌዴራሉ የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተን የግዛቶችን ዕዳ ጠቅልሎ ወደ ፌዴራል ዕዳ የሚያዛውር ሕግ አስጸደቀ። ስለዚህ የአዲሱ ብድር ሰነድ የያዘ ሰው በፌዴራሉ ዕዳ ይለውጠው ወይስ ከግዛቲቱ ግምጃ ቤት ጥሬ ገንዘብ ይቀበልበት የሚል ጥያቄ ተነሣ። ልዩነቱ ብዙ ገንዘብ ነው። ኒኮልሰን የራሱን ሰነዶች ይዞ በግዛቲቱ ግምጃ ቤት አስከፈለ። ሰነዶቹ የሚከፈልባቸው ናቸው ብሎ ያረጋገጠው ኮምፕትሮለር ጄኔራሉ ጆን ኒኮልሰን፤ ገንዘቡን የተቀበለው ጆን ኒኮልሰን።

በ1793 የተወካዮች ምክር ቤት በሹመት ብልግና ከሰሰው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ሴኔቱ ሆነ። በዚያው ክረምት ማብቂያ ላይ ፊላዴልፊያን ቢጫ ወባ መታት። 50 ሺህ ከሚሆነው ሕዝቧ ወደ 5 ሺህ የሚሆነው አለቀ፤ መንግሥቱም፣ ነጋዴውም፣ ሀብታሙም ከከተማ ሸሸ። ብርዱ መጥቶ በሽታው ሲቆም፣ በ1794 መጀመሪያ ችሎቱ ተሰየመ።

ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ። ከሳሾቹ በራስህ ጉዳይ ራስህ ፈራጅ ሆነሃል አሉት። እሱና ጠበቆቹ ሕጉ አልከለከለም፣ ሰነዱም ሕጋዊ ነው አሉ። እውነትም ሕጉ ድፍርስ ነበር፤ ያን የሰነድ ውስብስብ ከኒኮልሰን በላይ የሚያውቅ ሰው በአዳራሹ ውስጥ ነበረ ለማለት ያስቸግራል። ጥፋተኛ ለማለት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ድምፅ ያስፈልግ ነበርና አልተገኘም። ነጻ ወጣ። የችሎቱ ቃለ ጉባኤ በዚያው ዓመት በመጽሐፍ ታትሞ ዛሬም ይነበባል። ኒኮልሰን ግን ነጻ በወጣ ሰሞን፣ በአፕሪል 1794፣ ሹመቱን በፈቃዱ ለቀቀ።

ሹመቱን የለቀቀ ሰው አርፎ ይቀመጣል ብላችሁ ይሆናል። አላረፈም። ይልቁንስ ልጓሙ ወለቀለት።

ሮበርት ሞሪስን ሰምታችሁት ይሆናል። በአብዮቱ ዘመን የኮንግረሱ የገንዘብ የበላይ ተቆጣጣሪ ነበር፤ የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ነው፤ የጦር አዛዡ የጆርጅ ዋሽንግተን ሠራዊት ሲራብ በራሱ ስም ተበድሮ ያበላ ሰው ነው። በአገሪቱ ከእሱ የሚበልጥ ባለጸጋ የለም ተብሎ ይታመን ነበር። ሞሪስና ኒኮልሰን ሸሪክ ሆኑ። ሦስተኛ የተጨመረው ጄምስ ግሪንሊፍ የሚባል የቦስተን ተወላጅ ነው፤ ከሆላንድ ባንኮች ብድር አመጣለሁ የሚል።

ያን ጊዜ የአዲሲቱ ዋና ከተማ የዋሽንግተን ፕላን በወረቀት ላይ ወጥቶ ነበር፤ ምድሩ ግን ጫካና ጭቃ ነው። ኒኮልሰን ገና በሹመቱ ላይ ሳለ፣ በ1793 ዲሴምበር፣ ሦስቱ ሰዎች ከከተማዋ ኮሚሽነሮች 6,000 ቦታ እያንዳንዱን በ80 ዶላር ሊገዙ ተዋዋሉ። ክፍያው በ7 ዓመት የሚከፋፈል፣ ያለ ወለድ። በየዓመቱም 20 የጡብ ቤት ሊሠሩ ቃል ገቡ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ለከተማዋ ተስፋ ያደረገው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነበር። ነገር ግን በ1795 መጀመሪያ የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን ያዘ፤ ይመጣል የተባለው ብድር ቀረ። ከተማዋ የምትሠራበት ገንዘብ ባሕር ማዶ ቀለጠ፤ የተጀመሩት ቤቶች ጣሪያና መስኮት ሳይገባላቸው ቆሙ።

ሰዎቹ ግን መግዛታቸውን አላቆሙም። ቀደም ሲልም ሞሪስና ኒኮልሰን በፔንሲልቬኒያ ሰሜን፣ በሰስኩዌሃና ወንዝ ዳር፣ ከፈረንሳይ አብዮትና ከሳን ዶሚንግ (ከዛሬዋ ሄይቲ) አመፅ ለሸሹ ፈረንሳውያን የመጠለያ ከተማ ቆርቁረው ነበር፤ አዚሉም ይባላል። በዚያ የተሠራው ትልቁ የእንጨት ቤት ለንግሥት ማሪ አንቷኔት ታስቦ ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አለ፤ ንግሥቲቱ ግን በ1793 ኦክቶበር ተገድላለች። ከስደተኞቹ ብዙዎቹ ኋላ ናፖሊዮን ሲፈቅድላቸው ተመለሱና መንደሩ ተፈታ። ኒኮልሰን በሹኪል ወንዝ ፏፏቴ አጠገብ የመስታወት፣ የአዝራር፣ የካልሲና የብረት ሥራ ፋብሪካዎች አቋቋመ። ሰውየው ለአዲስ ነገር ልቡ ክፍት ነበር፤ ገንዘቡ ግን ከልቡ እኩል አይሄድም።

በ1795 ሦስቱ ሸሪኮች ኖርዝ አሜሪካን ላንድ ካምፓኒን መሠረቱ። በ6 ግዛቶች 6 ሚሊዮን ኤከር መሬት፣ በ30 ሺህ አክሲዮን ተከፍሎ፣ አክሲዮኑ በ100 ዶላር። ለባለ አክሲዮኑ በዓመት 6 በመቶ ትርፍ እንሰጣለን ብለው ዋስ ገቡ። በጆርጂያ ካለው መሬት ብዙው ጥድ ብቻ የሚበቅልበት አሸዋ ነበር። መሬት ደግሞ ሰው ካልሰፈረበት ግብር ይጠይቃል እንጂ ትርፍ አይሰጥም።

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ገንዘብ ተገዛ? በፊርማ። ሞሪስ ለኒኮልሰን እከፍላለሁ ብሎ የተስፋ ሰነድ ይጽፋል፤ ኒኮልሰን በጀርባው ይፈርምና ለሻጩ ይሰጣል። በማግስቱ ኒኮልሰን ይጽፋል፤ ሞሪስ በጀርባው ይፈርማል። አንዱ ለሌላው ዋስ ነው፤ ሁለቱም ግን ጥሬ ገንዘብ የላቸውም። የመጀመሪያው ሰነድ ቀኑ ሲደርስ ሁለተኛ ሰነድ ይጻፋል፤ ለሁለተኛው ሦስተኛ። እንዲህ ያለው ወረቀታቸው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ደረሰ ይገመታል፤ የፌዴራሉ መንግሥት የዓመት ገቢ እንኳ በዚያን ጊዜ ከዚህ ያንስ ነበር። የአገሪቱን የረከሰ ወረቀት ለወታደሮች ሲያካክስ ሥራ የጀመረው ሰው፣ አሁን በራሱ ስም የረከሰ ወረቀት ለሕዝብ ያድላል። አናጢው፣ ግንበኛው፣ ቸርቻሪው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ያላቸውን ሰጥተው ይህን ሰነድ ተቀበሉ። በገበያ ላይ የአንድ ዶላሩ ሰነድ እየወረደ ወርዶ በሳንቲሞች የሚሸጥ ሆነ።

በ1797 አበዳሪዎች በሩን መቱ። የእንግሊዝ ልማድ ያወረሰው ሕግ አንድ ነገር ይላል፦ ሕግ አስከባሪ ለተራ ዕዳ የሰውን ቤት በር ሰብሮ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱ ባለጸጎች ከቤታቸው መውጣት ተዉ። ሞሪስ ከከተማ ወጣ ባለው ርስቱ፣ ኒኮልሰን በከተማው ቤቱ በር ዘግተው፣ አበዳሪዎች ደጃፍ ላይ እያደሩ፣ በመልእክተኛ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ሳይጻጻፉ የሚውሉት ከስንት አንድ ቀን ነበር። ሞሪስ በእብነ በረድ ያስጀመረው ቤተ መንግሥት መሳይ ቤት ጣሪያው ሳያልቅ ቀርቶ መላው ከተማ እያየው ፈረሰ። በ1798 ፌብሩዋሪ ሞሪስ ተያዘና በፕሩን ጎዳና ወዳለው የባለዕዳዎች እስር ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ዋሽንግተን ፊላዴልፊያ ሲመጣ እስር ቤት ድረስ ሄዶ ከወዳጁ ጋር ምሳ በላ። ግሪንሊፍም እዚያው ታስሯል። በ1799 ኒኮልሰን ተከተለ።

ያ እስር ቤት ኒኮልሰን ከተከሰሰበት ከግዛቲቱ ምክር ቤት ሕንፃ፣ ከስቴት ሃውስ፣ የተራመደ ሰው በደቂቃዎች የሚደርስበት ነው። የባለዕዳ እስር ክፋቱ ይህ ነው፦ ዕዳህን ሳትከፍል አትወጣም፤ ካልወጣህ ሠርተህ አትከፍልም። በውጭ ሚስቱ ሃና ከ8 ልጆች ጋር ቀርታለች። ኒኮልሰን ከእስር ቤት ሆኖ ቤተሰቡን ለማብላት ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። በአፕሪል 1800 ኮንግረስ የመጀመሪያውን የኪሳራ ሕግ አወጣ፤ ሞሪስ በዚያ ሕግ በ1801 ኦገስት ነጻ ወጣ። ኒኮልሰን አልደረሰበትም። ዲሴምበር 5 ቀን 1800 በእስር ቤት ሞተ። የተወው ዕዳ ከ12 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል ይባላል።

ታሪኩ ግን ሰውየው ሲሞት አላለቀም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ኋላ የመጣው ነው።

ኒኮልሰን ከሒሳብ ሹምነቱ የተነሣ ለግዛቲቱ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ አለበት ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። በሕጉ መሠረት የግዛቲቱ ዕዳ በስሙ በተመዘገበ መሬት ሁሉ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። እሱ ግን መሬቱን ሸጦታል፣ አስይዞታል፣ ገዢው ለሌላ ሸጦታል፣ ሌላው ለልጁ አውርሶታል። ከኒኮልሰን ሞት 10፣ 20፣ 40 ዓመት በኋላ፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ገበሬ ማሳህ የመንግሥት ዕዳ አለበት ተባለ። በ1806 ምክር ቤቱ መሬቱን እያጣሩ የሚሸጡ ኮሚሽነሮች አቋቋመ። የኒኮልሰን ወራሾች ሕጉ አግባብ አይደለም ብለው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በ1833 ፍርድ ቤቱ ለግዛቲቱ ፈረደ። በ1840 ደግሞ ፔንሲልቬኒያ ለዚህ ለአንድ የሞተ ሰው ጉዳይ ብቻ «የኒኮልሰን ፍርድ ቤት» የሚባል ልዩ ችሎት አቋቋመች። ሰውየው ከሞተ 40 ዓመት ሆኖታል! ደብዳቤዎቹና መዝገቦቹ በመንግሥት ተይዘው ዛሬ በሃሪስበርግ በግዛቲቱ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ በስሙ የምትጠራ ኒኮልሰን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ኒኮልሰን ታታሪ ነበር፣ ብልህ ነበር፣ ጥፋተኛም ነበር፤ ሴኔቱ ነጻ ያወጣው ንጹሕ ስለነበረ አይመስለኝም፤ አገሪቱ በአንድ ሰው እጅ ላይ የከመረችውን ሥልጣን የሚለይ ሕግ ገና ስላልነበራት ነው። ሞሪስታውን ላይ በበረዶ ቆመው የነበሩት ወታደሮች ግን ሰነዳቸው በርካሽ ተሸጦ ቀረ፤ እነሱን የሚክስ ልዩ ፍርድ ቤት ያቋቋመላቸው የለም።

ፔንሲልቬኒያ የኮምፕትሮለር ጄኔራልነቱን ሹመት በ1809 ሻረችው፤ በቦታው ዋና ኦዲተር ተተካ። ከ1850 ጀምሮ ዋና ኦዲተሩን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥትም የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የነበረ ሰው ሥራውን ከለቀቀ 4 ዓመት ሳይሞላው ዋና ኦዲተር እንዳይሆን ይከለክላል።